ሁለት ሰዓት

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ስድስት አልጋ አለን፣ አንዱ ላንዱ ጣራ፤
መስኮቱን በፎይል ጋርደን ከፀሐይ
እንተኛለን በተራ።

ዘምዘምን አሳፈሯት።
በሁለቱም ፍቺው።
የደሟን ወረቀት አንብበው ሲያበቁ
ነጠላ ጫማዋን እስክታደርግ እንኳ
ቆመው አልጠበቁ።
ረምላ ያን ቀን እኛ ጋ ነበረች፤
መዝገብ ስለማያውቃት ሳትቆጠር ቀረች።

ሲስተር ሊሲ፣ የኬረላዋ፣ ከፈረቃ ወጥታ
በኩሽናችን መብራት ደሟን ቀዳችላት።
«አንድ ቀን እንዳይዘለል» አለችን፣
ያን ብቻ፣ በተሰባበረ ዓረብኛ።

ሽሮፑ ከኮምቦልቻ ነው፤ በተጓዥ ሻንጣ፣
በሶ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል።
በብልቃጡ ላይ የዘምዘም ጣት
በዱቄቱ ታትሟል።
አንጠርገውም። መጀመሪያ ልጇ ትነካዋለች።

ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት።
የማዳም ሰሃን በእጄ እንደያዝኩ
ስልኬ ኪሴ ውስጥ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፤
ትርንጎ ናት፤ «ጠጥታለች» ማለቷ ነው።

«ምኔን ነው የሚያክመው?» አለችን አንድ ማታ።
ተያየን። ማን ይናገር?
«ደምሽ ውስጥ አንድ እንቅልፋም አለ» አለች ትርንጎ፣
«ከነቃ ይበጠብጣል። ይኼ እሹሩሩው ነው።»
ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን
በጣቷ ጫፍ ትሄዳለች፣
ቴሌቪዥን ታጠፋለች፣
ያስነጠሰችውን ሁሉ «ቀስ!» ትላለች።

ዘንድሮ የዕቁቡ ዕጣ ለትርንጎ ወጣ፤
መርሳ ለጀመረችው ቤት ቆርቆሮ ልትገዛ።
ቆጠረችው፣ አጠፈችው፣
ለላቦራቶሪው ሰጠችው።
«ጣራ አለኝ» አለች፣
ከራሷ በላይ ያለውን አልጋ መታ መታ አድርጋ።

በሐምሌ ወበቅ ወረቀቱ መጣ፤
«ቫይረሱ አልታየም»።
ጠፋ አላለም እኮ።
ተኝቷል። ረምላ ቀድማ ታውቃለች።

ትናንት ማታ ደግሞ አንዲት እንግዳ መጣች፤
ካልዓይን ያመለጠች፣ ሆዷ የገፋ፣
ስሟን ሁለት ጊዜ ለዋውጣ የነገረችን።
ሊሲ ጣቷን ወጋች። ሁለት መስመር ወጣ።
ሁላችን ወለሉን ስናይ
ረምላ ከክዳኑ ሥር ጠብታ አስቀርታ
ወደ ሆዷ አስጠጋች፤
«ለሱም እሹሩሩ።»

«ያንቺን ጨርሺ» አልናት፣ «የነሱ መንገድ ላይ ነው።»

ትርንጎ ለመጪው ወር ዕጣ ጠቀለለች፤
አሥራ አንድ ነበርን፤ አሥራ ሁለት ወረቀት፤
አሥራ ሁለተኛው ላይ
ስም አልጻፈችበት።