«ነፃ» የሚል ደረሰኝ

ከአምባሳደር ቁልቁል፣ ፍልውሃ ሳይደርሱ
አንድ በር ሱቅ አለች፤ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ።
የእኔ ቦታ ጥግ ነው፣ ከማሽኑ ጋራ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ሲያጉረመርም፣ እኔ ዋጋ ስጠራ።

ሳሙና፣ ክብሪት፣ ፓስታ፣ የሞባይል ካርድ፣
ምንም ይምጣ ምንም፣ ማሽኑ ይሰጣል ፍርድ፤
ከመቶ አሥራ አምስት።
ውሃም ቢሆን ያው ነው፤ ግማሽ ሊትር፣ ሊትር፣
«ጠማኝ» ያለ ሁሉ፣ ከጥሙ ላይ ጭምር
ከመቶ አሥራ አምስት።

እናቴ ስትመክር፦ «እሳትና ውሃ
ለጠላት አይነፈግ፣ እንኳንስ ለድሃ።»
እሳቱስ ከተማ ውስጥ ከቆጣሪ ገባ፤
ውሃውም በፈረቃ፣ ሲሻው ማክሰኞ ሌሊት፣ እንደ ሌባ።
የቀረው ፍሪጃችን ውስጥ፣ በላብ ተሸፍኖ
ይጠብቃል ገዢ፣ ኮፍያው ሰማያዊ ሆኖ።

ባሳ ባለ ሚዛን፣ የአረካው ልጅ፣
ካርቶኑን ያነጥፋል ከሱቃችን ደጅ።
ቀኑን ሙሉ ይላል፦ «ክብደት! ክብደት! በአምስት ብር!»
ሰው ክብደቱን ፈርቶ ያልፋል፣ ሲበር ሲበር።
አምስት ሰው ሲመዝን አንድ ውሃ ይገዛል፤
ጉንጭ እየቆጠረ እስኪመሽ ያበዛል።

አንድ ቀን ደረሰኙን አገላብጦ አየና፦
«ይሄኛው ምንድን ነው?» አለኝ ቀና አለና።
«ቫት ነው» አልኩት። «የታል?» ጠርሙሱን አነሳ፤
ከሚዛኑ አወጣው፣ ጎንበስ አለ ባሳ።
«ይኸው ግማሽ ኪሎ፤ ውሃው ከነክዳኑ፤
ቫት ያልሽው የታለ? አያውቀውም ሚዛኑ።»

ምን እላለሁ? መንገድ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው አልኩት፤
የመንገድ መብራትም፤ እንደ መጽሐፍ አነበብኩት።
ልጁ ጨዋ ነው፤ ሰማኝ። «ለመንገድማ ይሁን፣ እኔም ከመንገድ ነኝ» አለ፤
«ለጥም ግን…»
ሳይጨርስ ደንበኛ መጣና፣ ነገሩ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ወሬ መጣ፤ ታክሲው ስለ ታክስ አወራው፦
«ከሚጠጣ ውሃ ላይ ተነሣ፣ ቀረ ያ መከራው!»
ባለሙያ መጣ፣ ባለ ቦርሳ ጎረምሳ፤
የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ሲነካካ ዋለ፣ ሳይወጣ ለምሳ።
ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ ቁልፏን ጫን አደረጋት፤
ወረቀቷ ወጣች፤ «ነፃ» የምትል ቃል አለባት።

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤
«ዋጋውስ?» ብላቸው፣ ቆዩና፣ «ይቆይ» አሉ።
«አከፋፋዩ ጨምሯል፤ ኪራዩ፣ የፍሪጁ መብራት…»
ምክንያቱ ውሃ ያነሳ አያነሳ አላውቅም፤ ብቻ እውነትም አለበት።
እናም ትናንት ሃያ አምስት፣ ዛሬም ሃያ አምስት፤
ልዩነቱ አንድ ቃል፣ ቀለሟ የሚለቅ፣ ሦስት ቀን የማትሰነብት።
ያቺ አሥራ አምስቷስ? የውሃ ሽታ ሆነች፤
ከመዝገቡ ወጥታ ጠርሙሱ ውስጥ ቀለጠች።

ባሳ መጣ። ከፈለ። ደረሰኙን አነበበ፤
ፊቱ ላይ አንድ ነገር፣ እንደ ፈገግታ፣ ተረበበ።
«ነፃ ይላል» አለኝ። «ታዲያ ብሬን መልሽልኛ!»
ሳቅኩኝ፤ እሱ አልሳቀም። ከኋላ ጆሮውን ሰጠን አንድ መንገደኛ።
«ነፃማ ቫቱ ነው…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤
ምን ብዬ ላስረዳው? ቃሉን እኔም ራሴ አላመንኩት።

ከታች ፍልውሃ አለ፤ አፈሩን ሰንጥቆ ይፈላል፤
ሲወጣ የማንም ነው፤ በሩ ላይ ግን ትኬት ይባላል።
እሱን ብላ ነው አሉ፣ ከተማዋ እዚህ የሰፈረች፤
መጀመሪያ ታጠበች፤ ሒሳብ ቆይታ ነው የተማረች።

እናቴ ሌላም ነበራት፦ «ውሃ ያጠጣ ዋጋ አያጣም።»
እውነቷን ነው።
ሃያ አምስት። ዋጋው ከቦታው አልወጣም።

ባሳ ደረሰኟን አጣጥፎ ከሚዛኑ ሥር አኖረ፤
ጠጣ፤ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ቆጠረ።
«አልጨመርኩም» አለኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ፦
«ክብደት! ክብደት! በአምስት ብር! ዛሬ ለተጠማ ነፃ!»
ያ መንገደኛ፣ ጠርሙስ በእጁ፣
ጫማውን መፍታት ጀመረ።