የውኃ ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሐይቁ ዳር
ቁጥር የተጻፈበት አንድ ብረት አነብ ነበር፤
ጣና ስንት ሜትር አደረ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር።
«ነፋስ ካለ አትቸኩል» ይለኝ ነበር ያስተማረኝ ሰው፣
«የተናወጠ ውኃ ይዋሻል፤ ቆመህ ጠብቀው፤
ሲነሣም እየው፣ ሲተኛም እየው፣
መኻሉን ጻፈው።»

ጻፍኩ። ቀንና ልክ። ቀንና ልክ።
ጠዋት አንድ መስመር፣ ማታ አንድ መስመር፤
በመስከረም ሲሞላ፣ በግንቦት ሲጎድል፣
ሐይቁ እንደ ሰው ደረት ሲወጣ ሲወርድ፣ እኔ ሳሰምር።
ጡረታ ስወጣ ብረቱን ላንድ ወጣት አስረከብኩ፤
ቅጠል የተረፈው አንድ ደብተር ግን ለቤቴ አስቀረሁ።

ከዚያ ቸኮል ሞተ።
የሽምብጡ ቸኮል፣ ሳይክል ጠጋኙ፣
ሌሊት አራቴ አምስቴ እየተነሣ ጓሮ ሲመላለስ
«ብርድ ነው» እያለ የከረመ፣
ወገቡ ሲቆረጥም «ጎማ መንፋት ነው» እያለ የከረመ።
ስሙ ቸኮል ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ፤
የቸኮለው ሕመሙ፣ አጥንቱ ድረስ ገሰገሰ።
ለቅሶው ላይ «በምን ሞተ?» ቢባል
የበሽታውን ስም የሚጠራ ወንድ ጠፋ፤
ሁሉም መሬት መሬት ያያል።
እኔም አየሁ።

በሳልስቱ ማግሥት ክንዴን ለመርፌ ሰጠሁ።

«አንድ ነጥብ ስምንት» አለች ሲስተር የሺመቤት፣ «ጥሩ ነው።»
ሐኪሙ ግን፣ ልጅ እግር ነው፣ የደንበጫ ልጅ፣
«አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረኝም፣ ጋሼ ጥሩነህ፤
በየዓመቱ ና። ስትመጣ ደግሞ
ሁለት ቀን ቀድመህ ሳይክል አቁም፤
ኮርቻው ፒ.ኤስ.ኤውን ያናውጠዋል።»
ሳቅሁ። በነፋስ አትጻፍ ማለቱ ነው፤
ይኼንንማ ከውኃ ነው የተማርኩት።

ሁለት ቀን በእግሬ ሄድኩ።
ባሕር ዳር ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ
«ሳይክልህን ሰረቁህ እንዴ?» ሲባል ይውላል።

ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁት፤
ከጣና የመጨረሻ መስመር ሥር፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው እጅ፤
ጥር፦ አንድ ነጥብ ስምንት።
ጥር፦ ሁለት።
ጥር፦ ሁለት ነጥብ አንድ።
ጥር፦ ሦስት ነጥብ ሁለት።

እናኑ የወረቀቱን ግርጌ በጣቷ እያሳየች
«ከአራት በታች ደኅና ይላል፣ ምን አስጨነቀህ?» አለች።
እኔ ቁመቱን አይደለም የማየው፣
አካሄዱን ነው።
ውኃ ደጃፍ ሲደርስማ ማንም ያያል፤
መዝጋቢ ማለት
ገና ቁርጭምጭሚት ሳይነካ የት ሊያድር እንዳሰበ የሚያውቅ ነው።

እምቦጭ የመጣ ጊዜ፣ በደንቢያ በኩል፣
አንዲት ቅጠል ነበረች፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣች፤
አንድ ታንኳ ቀዛፊ ቀጥፎ ለሚስቱ ወሰደላት አሉ።
ታምር ነበር።
ውሎ አድሮ ታንኳው መውጫ አጣ።

ሐኪሙ ጥርን አልጠበቀም፣ ሐምሌ ላይ አስደገመኝ።
ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።
ሳይክል የለ፣ ትኩሳት የለ፣
ነፋስ የለም።
ውኃው ራሱ ነው።

ናሙና ወሰዱ። ስለዚያ ቀን ግጥም አልጽፍም፤
ወንድ ሁሉ የሚሸሸው እሱን ነው፣ ያልፋል።
ከአሥራ ሁለቱ ቁራጭ በአንዱ ተገኘች፣
የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል።
«ትንሽ ናት፣ ሰነፍም ናት» አለኝ፣ «እንጠብቃት።»
መጠበቅ ማለቱ ደጅ መጥናት ይሁን፣
ዘብ መቆም ይሁን፣ አልጠየቅሁትም፤
ሁለቱንም ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻቸዋለሁ።

ትናንት ማታ አንሙት ከማርቆስ ደወለ፤
የበኩር ልጄ ነው፣ አርባ አምስት ሞላው።
«አባ፣ ሌሊት ትነሣለህ?»
«አንተስ?» አልኩት።
ዝም አለ። ከበስተኋላው ሬዲዮ ይሰማኛል።
«ደብተር ግዛ» አልኩት።

እኔም የራሴን ገለጥኩ፤ ለሚመጣው አሰመርኩ፤
ቀኑን ጻፍኩ፣ ልኩን ተውኩ።
ጥር፦