የግራ እግር ጫማ

የአዳራሹ ቁልፍ በኔ ኪስ ነው የሚያድር፣
ወንበር የማወጣ፣ ወንበር የምደረድር፤
ቢንጎም ሆነ ለቅሶ፣ ሠርግም ሆነ ስብሰባ፣
ማንም ሳይገባበት እኔ ነኝ የምገባ።

የኛ መንደር ማለት፣ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ፣
ካርታ ላይ ስትሹት ጣታችሁ የሚያልፍ፣
አርባ ሦስት ቤት ነው፣ አንድ የጸሎት ቤት፣
አንድ የእንጨት ወደብ፣ የዓሣው ዘመን ቅሬት።

በሚያዝያ ማለቂያ ደብዳቤ ደረሰን፤
ሚኒስትሩ በአካል በጀቱን ሊያደርሰን።
ቀድመው ሁለት ወጣት ሰሌዳ ሰቀሉ፤
«ነገን አብረን እንሥራ» የሚል ነው ፊደሉ።
ሰማያዊ ቀለም፣ የእንጨቱ ጠርዝ ወፍራም፤
ዳሰስሁት፤ ዝናብም አያበሰብሰውም።

ባገራችን ልማድ፣ ምንጩን እኔ አላውቅም፣
በጀት ሲቀርብ አዲስ ጫማ ማድረግ አይቀርም።
ጋዜጠኛው ሁሉ ካሜራውን ዝቅ፣
ከፊቱ ቀድሞ እግሩ ያን ቀን የሚታወቅ።
እኛም ዘንድ ሲመጣ ያንኑ ተጫምቶ፣
ጥቁር፣ የሚያበራ፣ ገና ካርቶን ሸትቶ፣
ከጀልባው ወረደ፤ እጁን አነሣልን፤
አንድ አለ፣ ሁለት አለ፤

ሦስተኛው ርምጃ ላይ
ሳንቃው
እህ አለ።

ብብቱን ይዘን ሳብነው፤ ጫማው ከታች ቀረ፤
አንዴ ተንሳፈፈ፣ ዞረ፣ ተሰወረ።
ማንም ሰው አልሳቀም።
(ኋላ፣ በየቤታችን።)

ሎሬታ ኪርሊ ነች ከሰው መሀል የወጣች፣
ሳትናገር ሄዳ ቦት ይዛ የመጣች፤
የባሏ፣ የሴድሪክ፣ በኅዳር የሞተው፤
ከበሩ ሥር ቆሞ ማንም ያልነካው።
የግራውን ብቻ።
«አርባ አራት ቁጥር ነው» አለችው፣ «ይበቃል።»
«ይበቃል» አለ እሱም፤ እንዴት እምቢ ይላል?

ባንድ እግሩ ኦታዋ፣ ባንድ እግሩ ዓሣ አጥማጅ፣
መድረክ ላይ ወጣልን የበጀቱ አማላጅ።
ቢሊዮን አለ፤ ቆጠርሁ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ።
ለቤት፣ ለሕጻናት መዋያ፣ ለጥርስ ሕክምና፣
ለንፋስ ኃይል፣ ለማዕድን፣ ለወደብም ጭምር።
«ሕጉ ረቂቅ ነው፣ ሁለተኛ ንባብ ላይ፤
በመከር ይጸድቃል፣ ተቃዋሚው ባያዘገይ።»
ወዲህ ወዲያ ሲል ቀኝ እግሩ ዝም ይላል፤
ግራው፣ ውሃ አዝሎ፣ ጩቅ፣ ጩቅ ይመልሳል።

ሎሬታ እጇን አወጣች፦
«የኛ ወደብ የቱ ገጽ ነው?»
ጸሐፊው ገለጠ፣ ጣቱን ምራቅ ነክሮ፣
ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ዞሮ፦
«አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ የግርጌ ማስታወሻ፤
‹አነስተኛ ወደቦች፣ እንደ አስፈላጊነቱ።›»
«እንደ አስፈላጊነቱ» አለች፤ ቦቱን አየች።
እሱም ቦቱን አየ።
ያን ሁሉ በጀት፣ ብዬ አሰብሁ፣
ለአንድ ሳንቃ አልበጀ።

ማታውኑ ሄደ። ሰሌዳው ግን ቀረ፣
ለጀልባዋ በር ስፋቱ አስቸገረ።

በጥቅምት ጥቅል መጣ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለው፦
ቦቱ ነው፤ ሰም ተቀብቶ የሚያበራ ላስቲክ፣
(የላስቲክ ቦት የሚወለውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?)
ቅርጹ እንዳይጎብጥ ውስጡ በወረቀት ተጠቅጥቆ።
የበጀቱ ማብራሪያ ነበር፣ ባለ ቀለሙ።
ሎሬታ ገጽ በገጽ አውጥታ ምድጃ ለኮሰችበት፤
ቦቱን ከጓደኛው ጎን፣ ከበሩ ሥር አቆመች፤
አንዱ ያበራል፣ አንዱ እንደ ነበረ ነው።

ሕጉ ዛሬም ንባብ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ቀርቶታል።
ባሕሩ ግን አያነብም።
እኔ ደግሞ መዶሻ አለኝ፣ ስምንት ሚስማር አለኝ፤
ሰሌዳውን አምጥቼ ቀዳዳው ላይ መታሁት።
ስለዚህ ሚኒስትሩ ዋሸ አትበሉኝ፤
ወደባችን ተጠግኗል።

ልጅ ሮጦበት፣ የሸርጣን ወጥመድ ተጎትቶበት፣
«አብረን» ተፋቀ፤ «እንሥራ»ም ሊጠፋ ነው።
«ነገ» ብቻ እንዳለ አለ፣
ጥግ ላይ ስለሆነ
ማንም አይረግጠውም።