ተቀብሏል

ያን ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ፣
በሦስት እግር ጠረጴዛ፣ አራተኛውን በድንጋይ ደግፌ፤
በመስኮቴ ጣና ይታያል፣ ጣና ካሉት፣
እንቦጭ ውሃውን አልብሶት፣
ከብት የሚሰማራበት ሜዳ መስሎ ተኝቶ ከደጃፌ።

ሽንኩርት ያን ጊዜ ከአፈር ረከሰ።
መንገድ ተዘጋ ተብሎ መኪናው ከድልድዩ ተመለሰ፤
የባሕር ዳሩ ደላላ ስልኩን አጠፋ፤
በየማሳው የተቆለለው ላበ፣ አቆጠቆጠ፣ ከረፋ።
በሽታው ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ
ሽታው አፍንጫችንን አሳሰረን፤
ዓይናችን ቢያነባም ሰበብ አላጣን፣
ሽንኩርት ነው አልን።

አንጓች የጥጋቡን መሬት ነበር በእኩል የያዘችው።
ጥጋቡ በኅዳር ሞቷል፣ ወባ ነው የጨረሰው፤
ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ወራሽ ነኝ ባይ የለው።
እሷ ግን ውል ውል ነው ብላ
ግማሹን ለሟች ለይታ ከመረች፣ ግማሹን ለራሷ፤
ሁለቱም ክምር በአንድ ሳምንት በሰበሰ፣
አንዱ ሌላውን ሳይቀድመው።

በነሐሴ፣ ጉማራ ሞልቶ ሩዙን ባስተኛበት ሰሞን፣
ከወረዳ ደብዳቤ ደረሰን፦
«በወረርሽኙ ምክንያት ገበያ ላጡ አርሶ አደሮች
ለእያንዳንዱ የይዞታ ደብተር
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር።»
ለደብተር ነው ያለው። ለሰው አላለም።
የአንጓች ስም ከደብተር የለም።
የጥጋቡ አለ፤ ሞቱን የሚያስረዳው ወረቀት
ከኛ ቢሮ ወጥቶ ወረዳ አልገባም፣
ወረቀት እንደ ሰው ቶሎ አይሞትም።

የክፍያው ዕለት በትምህርት ቤቱ ሜዳ
ኖራ በጥብጠን ክብ ክብ አሰመርን፣
ሰውን በየክቡ፣ እንደ ተዛወረ ችግኝ፣ አራርቀን ተከልን።
ከጤና ኬላ የመጣችው ልጅ በየመዳፉ አልኮል ስትረጭ
አባ መኳንንት አሸተቱና፣
«ይሄ ለእጅ ነው? ምን ያለው ብክነት ነው!» አሉ።

ስም ጠራሁ።
እንየው አዝመራ። አቤት።
ይርሳው ቸኮል። አቤት።
ጥጋቡ ዓለሜ።

ዝም።

ጥጋቡ ዓለሜ።

ሰዉ የቆመበትን ኖራ አየ።
ሦስተኛ ልጠራ አፌን ስከፍት
ከዳር ካለው ክብ፣ በጨርቅ የታፈነ፣ ቀጭን፣
«አቤት» አለ አንድ ድምፅ።

መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፤
ዓይኗን ግን የማያውቅ ማን አለ?
ሊቀ መንበሩ ጫማቸውን አዩ፤
ሚሊሻው ወደ ሐይቁ ዞረ፣ አዲስ ነገር የታየው ይመስል።
የወረዳው ገንዘብ ያዥ፣ ከብሩ ዓይኑን ሳያነሣ፣
«ጥጋቡ አንተ ነህ?»
«እኔ ነኝ።»
ድምፁን ሰምቶ ቀና ሊል ሲል
አባ መኳንንት ከክባቸው ሳይወጡ፣
«ጥጋቡማ እሱ ነው» አሉ፣ «ከሳ እንጂ።»

ማንም አልሳቀም።
አውራ ጣቷን ከቀለሙ ነከረች፣
አስቀድሞ በሽንኩርት ልጣጭ የቀላውን ጣት፤
እኔም ምርመራ ከሚለው አምድ ሥር
እንደ ሁሉም «ተቀብሏል» ብዬ ጻፍኩላት።

በብሩ ምን አደረገች ብትሉ፣
በስድስት መቶው ዘር ገዛች፣
በስድስት መቶው ለጥጋቡ ሙት ዓመት አወጣች።
እኩል ነዋ። ውሉ አልፈረሰም።

በዓመቱ ኦዲተር መጣ፣ መነጽሩን እየወለወለ፤
መስመር በመስመር ወረደ፣ ከአንድ ስም ላይ ዋለ፦
«ይሄ ፊደል ምንድን ነው፣ ‹ሏ› ነው ‹ሯ›?
ተቀብሏል ነው ወይስ ተቀብሯል?»

በመስኮቱ አየሁ። እንቦጩ አብቧል፣
ሐምራዊ ነው አበባው፣ ያምራል፣
ለዓሣም ለታንኳም አይበጅ።
«የኔ ጽሕፈት ነው እንጂ የሚያስቸግረው» አልኩ፣
«ሰውየው ምንም ችግር የለበትም።»