የዓይን ልክ

መጀመሪያ አንድ መስመር፣ አግድም የተሣለ፤
አድማስ ይሉታል እንጂ ሰማይ የት አለ?
ወጥ ቤት ነው የምሥለው፣ ስምንት በስድስት ክንድ፤
ወንበሩ ሦስት ነው፣ ጠረጴዛው አንድ።
መስመሩ ላይ ነጥብ አለች፣ ቀይ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል፣
ክሯን በየአቅጣጫው ዘርግታ ክፍሉን የምትከፋፍል።
የወለሉ ጣውላ፣ የመደርደሪያው ጠርዝ፣ የኮርኒሱ ማገር፣
ሁሉም ወደ እሷ ይነጉዳል፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ሳይናገር።
የቀረበ ይገዝፋል፣
የራቀ ያንሳል፣ ያንሳል፣ ይጠፋል፤
ሕጉ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለው፣
ማስመሪያው ራሱ ነው የሚያስከብረው።

ዊኒፔግ፣ የካቲት። ከምድር ቤቱ መስኮት በላይ
አካፋ በረዶ ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ሰውዬው ሳይታይ።
ብዕሬ ቀለም የላትም፤ ጫፏ መስታወት ላይ ይንሸራተታል፤
ስሳሳት ሁለት ቁልፍ እነካለሁ፣ መስታወቱ ስሕተቴን ይውጣል።
ቤቱን የምሠራው በንብርብር ነው፤ ከታች ግድግዳው፣
በላዩ ዕቃው፣ በዕቃው ላይ ጥላው፣
ከሁሉ በላይ የአምፖሉ ቢጫ፣ ውሃ እንደበዛበት ሻይ የሳሳ።
ሰው ግን አልሥልም። ያ የሌላ ሰው እንጀራ ነው፤
ሃሊፋክስ ያለ አንድ ልጅ በኋላ አምጥቶ የሚያስገባው።
እኔ ባዶ ቤት አሰናድቼ፣ መብራት አብርቼ እወጣለሁ፤
ማን እንደገባበት ከዓመት በኋላ በቴሌቪዥን አያለሁ።

ማርጎ ሥራውን መለሰችው፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው።
«ማዕዘኑ ልክ ነው» ትላለች፣ «ጥላውም ደህና ነው፤
ግን ይህን ቤት የሚያየው ማነው?»

እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ? አልኩ ተናድጄ፣ ለብቻዬ፤
እንከን ባገኝ ብዬ ፈተሽኩት፣ አጉልቼ፣ አሳንሼ፣ ደግሞ አጉልቼ።
ሰድሩ አልተሸረፈም፤ ምድጃውን ወጥ አልነካው፤
ለፎቶ የጠረጉት የሚከራይ ቤት ይመስላል፣
ማንም ርቦት ያልገባበት።

ስክሪፕቱን ገለጥኩ። «ወጥ ቤት፣ ሌሊት» ከሚለው በታች
ያላነበብኳት መስመር አለች፦
«ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ሆና ታዳምጣለች።»
እኔ አድማሱን የዘረጋሁት በገዛ ቁመቴ፣
ሜትር ከስልሳ ሁለት፤ በኪራይ ከፋይ ዓይን፣ ቆሜ፣ በኩራቴ።

ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። ተንበረከክኩ። ዳኽሁ።
ግንባሬን ከጠርዙ አጋጭቼ የራሴው ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።
ከወለሉ እስከ ዓይኔ፣ ሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር።
የፍሪጁ በር ፎቅ ሆነ፤ የመሳቢያው እጀታ ከእጅ ራቀ፤
ከላይ ያለው ዓለም፣ ሳህኑም ሒሳቡም፣ ከጣውላው ጀርባ ተደበቀ።
ቀና ስል የደረቀ ማስቲካ፣ የአሮጌ ዕቃ መደብሩ የዋጋ ወረቀት፣
ብሎን የጎደለው ቀዳዳ፤ አጠገቡ፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ የያፌት
ሥዕል።

ሁለት እግር። ከጉልበት በላይ የሌለው ሰው።
የግራ ካልሲው የተቀደደ፣ አውራ ጣቱ ብቅ ያለው።
የወንበሩ ጎማ አምስት፣ አምስቱም እኩል፤
ፍሪጁ ከእግሩ ያንሳል፤
ግድግዳው እንደ ጎመን ቅጠል ወደ ውጭ ይዘረጋል።
መስመሮቹ አይገናኙም። የትም አይሄዱም።
ቀይ ነጥብ የለም፤ የሚጠፋ የለም።
ጣቱ ላይ ግን ጥፍር አለ፣
ጥፍሩም ላይ ግማሽ ጨረቃ።
ካልሲዬን አየሁ።
ልክ ነው፤ እዚያው ጋ ነው የተቀደደው።

አድማሱን ጎትቼ አወረድኩት እስከ ሃምሳ አምስት፤
ቤቱ ሁሉ ፈረሰ፤ ሠራሁት እስከ ንጋት።
የጠረጴዛውን ሆድ ሣልኩ፣ ማስቲካውን ሳልረሳ፣
የወረቀቱ ጥግ በላብ ተልጦ፣ ሙጫው ሳስቶ፣ ጠቁሮ።
ማርጎ «እሺ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በላይ አትናገርም።

ዛሬ ትዕይንት አርባ ሦስት ነው፤ ኮሪደር፣ ረጅም፣ በሩ ብዙ፣
ለቀይዋ ነጥብ ሠርግና ምላሽ።
ላኖራት ብዕሬን ሳነሣ፣ ከጠረጴዛው ሥር
ቀለም እንጨት ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ሠዓሊው ሳይታይ።
ጎማው እንዳይንከባለል ወንበሬን ይዣለሁ።
ቀኝ እግሬን ይበላኛል።
አላንቀሳቅሰውም።