ከአንገት በላይ

አራዳ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ አንድ ዘንጉ በጎደለ ጃንጥላ ጥግ
ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍኩ፣ የሰው ክስ፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው ወግ።
እንጀራዬ በእጄ ይመስላል ለሚያየኝ ሰው ከሩቅ፤
በጆሮዬ ነው እንጂ። ባለጉዳይ ጎንበስ ይላል፣
ገመናውን ሲያወራ ድምፁ እንደ ዱቄት ድቅቅ።

ታዲያ አንድ ሰኞ፣ ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል፣ ቀኙ ድፍን አለ፤
ታክሲው፣ ደወሉ፣ የሊስትሮው ብሩሽ፣ ሁሉም ከትራስ ሥር ዋለ።
በክብሪት እንጨት ቆረቆርኩት፣ በእስኪብርቶ ክዳን ጎረጎርኩ፤
ሎተሪ አዟሪው ዱባለ «ነጭ ሽንኩርት» ቢለኝ ያንንም ሞከርኩ፤
ሦስት ቀን እንደ ወጥ ሸተትኩ።

ያኔ ነው ወይዘሮ አስካለ ከጉለሌ የመጡት በእግራቸው፤
ስለ እናታቸው ቤት ሹክ አሉኝ፣ እየተንቀጠቀጠ ከንፈራቸው፦
«ከወንድሜ ጋር አልተካፈልንም።»
እኔ «አልተከፈለንም» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ካን በከ። አንዲት የፊደል እግር።
መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን መለሰው፤
«ማን ነው የሚከፍልዎት? ለየትኛው ሥራ?» ተባሉ፤
ተሣቀባቸው፣ ሲያይ ያ ሁሉ ሰው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት፤
የኔስ ባዳነቱ አነሰው፤
በሐሰት መሰከረ ፍርድ ቤት።

ባለቤቴ ዘርፌ እጄን ይዛ ቸርችልን ቁልቁል ወሰደችኝ፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ በር፣ ሰሌዳው ግን አሣቀኝ፦
«ከአንገት በላይ ሕክምና።»
በእኛ ቋንቋ ከአንገት በላይ የሚሉት
ሳይዋደዱ ሲሳሳሙ ነው፣
ሳያዝኑ ሲያለቅሱ ለቅሶ ቤት።

አግዳሚው ላይ ተሰልፈናል፤ ድምፁ የነጠፈ መምህር
በወረቀት ቁራጭ ያወራል፤ ሳይነስ የያዘው ሹፌር
ግንባሩን በሁለት እጁ ደግፎ ያቃስታል፤
ቶንሲል ያመመውን ልጇን ያቀፈች እናት አለች፣
አማቷ «እንጥሉ ይቆረጥ» ብለዋታል።
(«ምላጭ እንዳይነካው» ስትላት ሰማሁ በግራዬ፤
«መድኃኒቱን ቢሻለውም ጨርሺለት፣ አደራዬ።»)
አንዱ ሕፃን ካፍንጫው ባቄላ ሲወጣለት
«የኔ ነው!» ብሎ አለቀሰ።

ተራዬ ደረሰ።

«ኩክ ነው» አለች ዶክተር የምሥራች፣ መብራቷን አጥፍታ፤
«ክብሪቱ ነው የጠቀጠቀው። ይህን ጠብ ያድርጉ፣ አምስት ቀን፣ ጠዋት ማታ።
እስኪብርቶ ይጻፍ፣ ክዳኑም ይክደን፤
ጆሮ ራሱን ያጸዳል።»

በስድስተኛው ቀን ለብ ያለ ውኃ በስሪንጅ ላከችበት፤
ሳህኑን አንገቴ ሥር ይዤ፣ ፎቁ ዞረብኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩት።
ጠብ አለ አንድ ነገር፣ ጥቁር፣ የአተር ክክ የሚያህል።
መጀመሪያ የሰማሁት
እሱው ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ነው።
ቀጥሎ የዘርፌን ቀሚስ ኮሽታ።
ቀጥሎ ከመስኮቱ ማዶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!»

ግራውን ግን በማሽን ለክታ ትንሽ ዝም አለች።
«ይሄኛው ኩክ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። የሄደው አይመለስም፤
ያለውን እንጠብቅ» አለችኝ፣
ሰሌዳዋ እንደሚለው ሳይሆን፣ ከአንጀቷ።

አሁን ወንበሬን አዙሬዋለሁ፤ ባለጉዳይ በቀኜ ይቀመጣል።
ወይዘሮ አስካለን አስጠራኋቸው፤ ያለ ክፍያ እንደገና ልጽፍ።
ገና ሳይቀመጡ ጮኹብኝ፣ እንደ ለመዱት፤
የሊስትሮው ልጅ ቀና አለ።
«ቀስ ይበሉ፣ እሰማለሁ» አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ።
«ቤቱስ ይቅር» አሉኝ። «ሁለት ዓመቱ፣
መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።»

ለዚህ የሚጠቀስ አንቀጽ አላውቅም።
እስኪብርቶዬን ከደንኩ። ከፈትኩ።
«የወንድምዎን ስልክ ቁጥር ይንገሩኝ።»
«ዜሮ ዘጠኝ…» ጀመሩ፣ በሹክሹክታ፤
ጻፍኩ እስከ መጨረሻው፣
አንዷንም ሳልስት።