ኅዳር ሃያ ስድስት

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከስፌቱ መኪና ጎን፣
አሊጋዝ ያባቱን መዝገብ ይገልጣል ይህ ቀን ሲሆን።
ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ቀለሙ ሻይ መስሏል፤
ወገብ፣ ባት፣ ትከሻ፣ የሰው ልክ ብቻ ቀርቷል።

«ኅዳር ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፤
ባላምባራስ ደርበው፣ ሱሪ። ጠገራ ብር ቀረበት።»
ከሥሩ ግን፣ በተንቀጠቀጠ ብዕር፣
«አውሮፕላን መጣ። አልሰፋሁም።» ሌላ የለም ነገር።

ደሴ በቦምብ ስትነድ፣ በዚያው ቀን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ
የኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት ነበር፤ መቼም ማኅሌት ይደርስ።
ፍንዳታው ተሰምቷቸው ይሆን?
መዝገቡ አይልም። ሱሪ ነው የሚያውቀው።

ኅዳር ሃያ ስድስት፣ ስድሳ ስድስት። ያባቱ እጅ አርጅቷል፦
«ሰባት ክንድ አቡጀዲ። በነጻ። ልክ አልተወሰደም» ብሏል።
ያንን መስመር አሊጋዝ በጣቱ ሸፍኖ ያልፋል።

ሰባ ዘጠኝ። ቀኑ ያው። አሁን የራሱ ጽሕፈት፦
«ዘይነባ ተወለደች። ሮዝ ሳቲን፣ ክንድ ካራት ጣት።»

«እንዲህ ያለ ቀን አለ?» ይለኛል መቀሱን አኑሮ፣
«ቀብርና ልደት ባንድ ኪስ፣ ባንድ ክር አስሮ?
የኛስ ጨረቃ ደግ ናት፤ በያመቱ ትሸሻለች፣
ባሥር ባሥራ አንድ ቀን ፈቀቅ እያለች
ሐዘኑን ከበጋ ክረምት ታዞራለች።
ይሄኛው ግን ችኮ ነው፤ ዓመት ቆጥሮ በር ያንኳኳል።»

በሩ ተንኳኳ።
ልጅ እግር ነው፣ ለሠርጉ ኮት ሊለካ።
አሊጋዝ ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ትከሻውን ለካ፤
ቀኑን ጻፈ።
ከዚያ ወደ ኋላ ገልጦ የደርበውን ዕዳ አየው፤
ሊሰርዘው ብዕር አነሣ፤
ተወው።